በመምህር የሚመራ የውጭ አገር ትምህርት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንድ መምህር የራሱን ኮርስ ቀርጾ፣ የራሱን ተማሪዎች ይዞ ለጥቂት ሳምንታት ሌላ አገር ሄዶ የሚያስተምርበት አሠራር በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደ ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢም ሆነ ኮምቦልቻ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጉዳዩ ሲነሳ ከቡናው ጋር አብረው የሚቀርቡ አስተያየቶች አሉ። አብዛኞቹ ውሃ አያነሱም።

«ይህ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው»

ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስምምነት ያዘጋጃል፣ ከኤምባሲ ጋር ይነጋገራል። ኮርስ መቅረጽ ግን የመምህሩ ድርሻ ነው። በአሜሪካ ተማሪን ውጭ አገር ወስዶ የማስተማር ፋና ወጊ ተደርጎ የሚጠቀሰው የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እዚያም ሐሳቡን ያመነጨው ሬይመንድ ኪርክብራይድ የተባለ የፈረንሳይኛ መምህር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ ሰው ነው። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዝዳንት ዋልተር ሃሊሄን ሐሳቡን ወድዶ ደጋፊ ሲያፈላልግ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ኪርክብራይድ ስምንት ተማሪዎች ይዞ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። ስምንት ብቻ! እኛ ዘንድ «ስምንት ተማሪ» የሚል ዕቅድ ይዞ የሚቀርብ መምህር ምን እንደሚባል መገመት አያዳግትም።

«አገሩ ይመረጥ እንጂ ኮርሱ ይደርሳል»

ፕሮፖዛል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ገምጋሚ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ትምህርት ለምን እዚሁ አይሰጥም? «ተማሪዎች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይጎበኛሉ» ብሎ ባሕር ማዶ ለመሻገር የሚጠይቅ የኮምቦልቻ መምህር መልስ የለውም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደጁ ላይ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ሩቅ አይደለም።

ለንጽጽር ያህል ሌላ ዕቅድ እናስብ። ኮርሱ ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ አወጋገድ ነው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ከቦርከና ወንዝ ናሙና ይወስዳሉ፣ በኢንስቲትዩቱ ቤተ ሙከራ ይለካሉ። ከዚያ ናይሮቢ አጠገብ ወዳለችው አቲ ሪቨር ይሄዳሉ፤ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች የተሰባሰቡበት ቀጠና አለባት፤ ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ከወንዙ ነው። አሁን ጉዞው ምክንያት አገኘ፤ ሁለት ወንዝ፣ ሁለት የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ አንድ ጥያቄ። የአንዱ ቀን መርሐ ግብርም «ጉብኝት» በሚል አንድ ቃል አይታለፍም፦ ጠዋት ናሙና መውሰድ፣ ከምሳ በኋላ ከፋብሪካው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ጋር ውይይት፣ ማታ የመስክ ማስታወሻ መጻፍና ማስረከብ። በአውሮፓው የክሬዲት አቆጣጠር አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ሦስት ክሬዲት የሚል መምህር ቢያንስ 75 ሰዓት ማሳየት አለበት። አሥር የሥራ ቀን በስድስት ሰዓት ቢባዛ 60 ይሆናል፤ ቀሪው ከመነሳታቸው በፊትና ከተመለሱ በኋላ እዚሁ ይሟላል። ይህ ሒሳብ የሌለበት ፕሮፖዛል የሽርሽር ማመልከቻ ነው።

«ገንዘብ ያለው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው የሚችለው»

በአሜሪካ ወጪውን በአብዛኛው የሚሸፍነው ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ተማሪው ነው። የመምህሩ ትኬትና ማረፊያ ጭምር በተማሪዎቹ ቁጥር ይካፈላል። የመምህሩ ወጪ 3,000 ዶላር ቢሆን፣ 15 ተማሪ ሲመዘገብ በነፍስ ወከፍ 200 ዶላር ይደርሳል፤ ስምንት ብቻ ከሆኑ 375 ይሆናል። ለዚህ ነው ዝቅተኛው የተማሪ ቁጥር አስቀድሞ የሚወሰነውና ካልሞላ ጉዞው የሚሰረዘው። ይህን ለእኛ ተማሪ መጫን የማይታሰብ ስለሆነ፣ ቅርብ አገር መምረጥ የመጀመሪያው ቁጠባ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ብዙ መምህራን ዘንድ በደንብ አይታወቅም። ኢራስመስ ፕላስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት መርሐ ግብር የተማሪና የመምህር ልውውጥ ማመልከቻውን የሚያስገባው የአውሮፓው ዩኒቨርሲቲ እንጂ የእኛው አይደለም። ስለዚህ ዋናው ሥራ ቅጽ መሙላት ሳይሆን እዚያ ያለ አንድ የሙያ ባልደረባን ማሳመን ነው። በዚህ መርሐ ግብር መምህር ከአምስት ቀን እስከ ሁለት ወር ሄዶ፣ በሳምንት ቢያንስ ስምንት ሰዓት ማስተማር ይችላል። ብልህ መምህር ይህን ዕድል ተማሪ ከማምጣቱ በፊት ቦታውን፣ ማረፊያውንና ሐኪም ቤቱን በዓይኑ ለማየት ይጠቀምበታል።

በጀቱ በውጭ ምንዛሪ ይሠራ፤ መጠባበቂያም ይያዝለት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ዘንድሮ በብር የተጻፈ በጀት በጉዞው ቀን ሌላ ነው።

«የመግባቢያ ሰነድ ከተፈረመ አለቀ»

ከፊርማውና ከፎቶግራፉ በኋላ መሳቢያ ውስጥ የቀሩ ሰነዶች ስንት ናቸው? ተማሪ የሚያሻግረው ማን ምን ያስተምራል፣ ክሬዲቱ እንዴት ይያዛል፣ ማን ምን ይከፍላል የሚለው ዝርዝር ስምምነት ነው።

«ቪዛው የኤምባሲ ጉዳይ ነው»

መዳረሻው የሸንገን አገር፣ ማለትም የጋራ ቪዛ ከሚሰጡት የአውሮፓ አገሮች አንዱ፣ ከሆነ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ አይቀበሉም፤ ከ15 ቀን ያነሰ ከቀረም አይቻልም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን ይጠየቃል፤ ፓስፖርቱም ከመመለሻው ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚቆይ መሆን አለበት። የጣት አሻራ ደግሞ በውክልና አይሰጥም። ይህ ማለት አሻራ ሰጥቶ የማያውቅ ተማሪ ሁሉ ከደሴ አዲስ አበባ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአካል ይሄዳል ማለት ነው፤ የአውቶቡሱና የአልጋው ወጪ በጀቱ ውስጥ ይግባ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮፖዛል ከአንድ ዓመት በፊት የሚጠይቁት እንዲህ ያለው ጣጣ ስለሚታወቃቸው ነው።

«መምህሩ አስተምሮ ወደ ክፍሉ ይገባል»

ይህን የሚል ሰው ተማሪ ይዞ ሐይቅ ድረስ እንኳ አልሄደም። ሌሊት ሆዷን ያመማት ተማሪ የምታንኳኳው የመምህሩን በር ነው። ፓስፖርት ሲጠፋ ፖሊስ ጣቢያ የሚቆመው እሱ ነው። «መምህር፣ ልጄ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አላነሳችም» የሚል የኩታበር አባት የሚደውለውም ለእሱ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ መሪ የግድ ያስፈልጋል፤ ሴት ተማሪዎች ካሉ ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል። አንደኛው ሐኪም ቤት ሲያድር ሌላው ክፍል ይገባል። የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ቡድኑ የት እንደሚሰባሰብ፣ መንገድ ቢዘጋ በየት እንደሚወጣ ይዘረዝራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ሲገባ ያየ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ መምህር ይህን ገጽ ለወጉ ያህል አይሞላውም።

«እኛ እንሄዳለን እንጂ ማን ወደ እኛ ይመጣል?»

የሚያስተምር ነገር ሞልቶናል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ ደሴ ከተማ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አለ፤ የወሎ መንዙማም ራሱን የቻለ ኮርስ ይወጣዋል። ችግሩ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች መንግሥታቸው የጉዞ ማስጠንቀቂያ ወዳወጣበት አካባቢ ተማሪ ለመላክ አለመድፈራቸው ነው። እስከዚያው አንድ ኮርስ በሁለት መምህራን በኢንተርኔት በጋራ ማስተማር ይቻላል። ለዚህ ቪዛ አይጠየቅም፤ የሚያስፈልገው የትምህርት ክፍሉ ስምምነት፣ ለሁለቱም አገር የሚመች ሰዓትና መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ጄኔሬተር ነው።