የኦቲዝም «ደረጃ» ምንድን ነው?

«ደረጃ 1 ነው፤ ቀላል ስለሆነ ድጋፍ አያስፈልገውም» የሚል አስተያየት አሁንም አሁንም ይጻፋል። አባባሉ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ደረጃ 1 ማለት «ድጋፍ የሚያስፈልገው» ማለት ነው፤ 2 «ብዙ ድጋፍ»፣ 3 ደግሞ «እጅግ ብዙ ድጋፍ»። ድጋፍ የማያስፈልገው የሚባል ደረጃ የለም።

ደረጃዎቹ የመጡት በ2013 እ.ኤ.አ. ከወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ፣ ከዲኤስኤም-5 ነው። እዚያ ላይ ደረጃ የሚሰጠው ለሁለት ነገር ነው፦ ማኅበራዊ ተግባቦት ለብቻው፣ ተደጋጋሚ ባህሪና ከለውጥ ጋር መላመድ መቸገር ለብቻው። በመጀመሪያው 1፣ በሁለተኛው 3 የሆነ ሰው አለ። የሁለቱን አማካይ አውጥቶ «ደረጃ 2» ማለት የቀኝና የግራ ዓይን ቁጥር ደምሮ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሌንስ እንደ መግጠም ነው።

መነጽር ካነሳን አይቀር፣ መነጽር አድርጎ ጥርት አድርጎ የሚያነብ ሰው አይቶ «ዓይኑ ደህና ነው፣ መነጽሩን ውሰዱበት» የሚል የለም። በኦቲዝም ግን ይደረጋል። የቀኑን ውሎ በሥዕል እያየ የተረጋጋ ልጅ «ተሻለው» ይባልና ሥዕሉ ይነሳል፤ መረበሹ ሲመለስ ደግሞ «ባሰበት»። የደረጃ 1 መግለጫ ችግሩ ድጋፍ በሌለበት ጎልቶ እንደሚታይ የሚናገረው በከንቱ አይደለም። እርግጥ የዓይን ቁጥር በመሣሪያ ይለካል፣ ቶሎም አይቀያየርም። የኦቲዝም ደረጃ የባለሙያ ግምገማ ነው፤ እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ይለዋወጣል። መመሪያው ራሱ ይህን ይላል፤ አገልግሎት መስጠትም ሆነ መከልከል በደረጃ ቁጥር እንዳይወሰን ያስጠነቅቃል።

«ግን እኮ አፉን የፈታ ነው፣ ከፍተኛ ብቃት ያለው ኦቲዝም ነው» ለሚለው ተከራካሪ፦ እንዲህ የሚባል ይፋዊ ምርመራ ኖሮ አያውቅም። በጥናቶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የአእምሮ ችሎታ ፈተና ውጤቱ 70ና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው የተሰጠ ስያሜ ነው። ፈተናው ገላ መታጠብን፣ ገንዘብ መያዝን፣ ብቻ መንገድ መሄድን አይለካም። እነዚህን የሚለካው እንደ ቫይንላንድ ያለ የዕለት ኑሮ ክህሎት መመዘኛ ነው። በሁለቱም መመዘኛዎች የሰዉ አማካይ ውጤት 100 ነው፤ በአንዱ 115፣ በሌላው 65 ያመጣ ሰው ቢገኝ ባለሙያን አያስገርምም።

በነገራችን ላይ ኦቲዝምን በምልከታ ለመመርመር በሚያገለግለው ፈተና፣ በኤዶስ-2፣ «ሞጁል 3» መፈተን ደረጃ 3 መሆን አይደለም። ሞጁል ማለት የፈተናው ዓይነት ነው፤ የሚመረጠውም በንግግር ችሎታና በዕድሜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መመደቢያ፣ አይሲዲ-11፣ ደግሞ እነዚህን ሦስት ደረጃዎች ጭራሽ አይጠቀምም፤ የአእምሮ እድገት ውስንነትና የቋንቋ ችሎታን ነው የሚመዘግበው።

ሪፖርት ላይ «ደረጃ 2» ብቻ ከተጻፈ መጠየቅ ያለበት በየትኛው ተግባር፣ ምን ዓይነት እገዛ፣ በቀን ስንት ጊዜ የሚለው ነው። «ቅደም ተከተሉን የሚያሳይ ሥዕል ፊቱ ካለ ልብሱን ራሱ ይለብሳል፤ መንገድ ሲሻገር ግን ሁልጊዜ አዋቂ ከጎኑ ይሁን» የሚል ጽሑፍ ያገኘ አስተማሪ በማግስቱ ሥራ መጀመር ይችላል።