«ክላሽ ካለበት ይበቃል» እና ሌሎች የሽፋን ስህተቶች

ከብሔራዊ ትያትር ወደ ለገሐር ሲወርዱ መጽሐፍ አዟሪው ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሮ ያልፋል። ገዢው አንዱን ሽፋን የሚያየው አዟሪው እስኪያልፈው ድረስ ነው። የወታደራዊ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ሽፋንም መዳኘት ያለበት እዚያ ክንድ ላይ ነው፤ በዲዛይነሩ ስክሪን ላይ ግን ሁሉም ያምራል። ከዚህ በታች በጥቅስ የተቀመጡት ስለዚህ ሽፋን የሚሰሙ የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው።

«መሣሪያና ወታደር ካለበት ወታደራዊ መሆኑ ይገባል»

ወታደራዊነቱማ ይገባል። የማይገባው ልብ ወለድነቱ ነው። በአማርኛ የጦር መጽሐፍ ሲባል ብዙ አንባቢ ቶሎ የሚያስበው የመኮንኖችን ማስታወሻና የጦርነት ታሪክ ነው፤ ሽፋናቸውም የታወቀ ነው፦ የዘመኑ ፎቶግራፍ፣ ማዕረግ፣ አንዳንዴ ካርታ። ልብ ወለዱ ያንኑ ልብስ ከለበሰ ታሪክ ፈላጊው ገዝቶ ይናደዳል፣ ልብ አንጠልጣይ ፈላጊው ደግሞ ሳያየው ያልፋል። ፊቱ የማይታይ አንድ ሰው ከኋላ፣ ወይም አንድ ዕቃ ብቻ (ባዶ ቀልሃ፣ ገመዱ የተቆረጠ የሬዲዮ መነጋገሪያ) ጥያቄ ይጭራል። ሄሊኮፕተሩ፣ ጄኔራሉ፣ ፍንዳታውና ሴቲቱ በአንድ ሽፋን ሲታጨቁ ግን አንዱም ጎልቶ አይታይም። ከርዕሱ ሥር «ልብ ወለድ» የምትለዋን ቃል አትርሱ።

«ዝርዝሩን ማን ያየዋል?»

የዚህ ዘውግ አንባቢ ያያል፤ ከመካከሉ የቀድሞ ወታደሮች አሉና። ታሪኩ በ1969 እና 1970 በኦጋዴን የተካሄደ ከሆነ ሽፋኑ ላይ ኤም 4 ካርቢን መኖር የለበትም፤ የአሜሪካ ጦር ራሱ የተቀበለው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ሰማዩ ላይ ኤፍ 16 ማብረርም ያስቃል፤ ኢትዮጵያ ኖሯት አያውቅም። በዚያ ጦርነት የእኛ አየር ኃይል በኤፍ 5 ነበር ከሶማሊያ ሚግ 21 ጋር የተፋለመው።

ስህተቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከምስሉ ምንጭ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሠራተኞች በሥራቸው ላይ የሚያነሷቸው ፎቶዎች በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት ስለሌለባቸው በነፃ ይገኛሉ፤ ግን ራስ ቁሩም፣ ጫማውም፣ ጠመንጃውም የእነሱ ነው። ከጎግል ላይ ያለ ፈቃድ መውሰድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ፎቶግራፍ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው።

«ርዕሱ የተፋቀና በጥይት የተበሳሳ ሲመስል ያስፈራል»

በላቲን ፊደል ይሠራል፤ ግማሹ ቢፋቅ እንኳ ይነበባል። በእኛ ፊደል ግን አናባቢው የተንጠለጠለው በትንሽ ጭረት ላይ ነው። «ልዩ ቡድን» የሚል ርዕስ እንውሰድ። የ«ቡ» ቀኝ እግር መሃል ላይ ያለችውን ጭረት የዝገት ቴክስቸር (ፊደሉን የተፋቀ የሚያስመስል ንድፍ) ከበላት ሽፋኑ «ልዩ በድን» ይላል። «ተኩስ»ም በዚሁ መንገድ «ተከስ» ይሆናል። በወታደር ሳጥን ላይ እንደሚታየው የተቆራረጠ የስቴንስል ፊደልም አደጋው ይኸው ነው። ቴክስቸሩን በወፍራሙ የፊደል አካል ላይ ብቻ አሳርፉ፤ ጭረቶቹን በማስክ (በሶፍትዌሩ ከለላ) ጠብቁ። ከዚያ ርዕሱን ለማያውቅ ሰው አስነብቡ።

ሌላው የቦልድ ነገር ነው። የእንግሊዝኛ ሽፋኖች ጉልበት ከትልልቅ ፊደላት ጥብቅ ረድፍ ይመጣል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው አንዳንዱ ቀጭኑን ፎንት በሶፍትዌሩ ያወፍረዋል፤ ያኔ የ«ጨ»ና የ«ሠ» ክፍተቶች ይደፈናሉ። ሲሠራ ጀምሮ ወፍራም የሆነ ፎንት ፈልጉ፣ ርዕሱንም ከሦስት ቃል አታስበልጡ። ፋይሉ ከመላኩ በፊት ጽሑፉን ሁሉ ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ የመስመር ሥዕል ቀይሩት። በተለይ በድሮ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ርዕስ፣ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክት ዝባዝንኬ ይሆናል።

«ቀይ በጥቁር ላይ ኃይለኛ ነው»

ስክሪን ላይ አዎ። ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይራችሁ ብታዩት ግን ቀዩ ከጥቁሩ ጋር ይዋሃዳል፤ ከሦስት ሜትር አይነበብም። ርዕሱ ነጭ ወይም ቢጫ ይሁን፣ ቀዩ ለአንዲት ትንሽ ነገር ይቀመጥ።

«ጥቁር ጥቁር ነው»

ጥቁር ቀለም ብቻ 100 በመቶ ሲታተም በሰፊ ቦታ ላይ ከሰል ይመስላል። የአርጂቢውን (የስክሪኑን የቀለም ሥርዓት) ጥቁር ፎቶሾፕ በተለመደው ቅንብሩ ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለማት) ሲቀይረው ደግሞ የአራቱ ቀለማት ድምር 300 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ላይኛው ወረቀት ይጋባል። ሲያን 60፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40፣ ጥቁር 100 (ድምር 240) ደህና መነሻ ነው። በዚህ ጥቁር ላይ የሚወጣ ነጭ ጽሑፍ ከ10 ፖይንት አይነስ፤ ፕሌቶቹ (የየቀለሙ ማተሚያ ሰሌዳዎች) ትንሽ ከተዛነፉ ቀጫጭን ፊደላት ይሞላሉ። ማት ላሜኔሽን (የማያንጸባርቅ የፕላስቲክ ልባስ) ያምራል፤ ግን በጥቁር ላይ ጭረት በቶሎ ያሳያል፣ አዟሪው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እያፋተገው ነው የሚውለው። ጭረት የሚቋቋመው ማት ካልተገኘ አንጸባራቂው ይሻላል።

«ስፓይኑን ማተሚያ ቤቱ ያስተካክለዋል»

አዟሪው ሲደረድር መጀመሪያ የሚታየው ስፓይኑ፣ ማለትም መጽሐፉ የተጠረዘበት ጠርዝ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 320 ገጽ 160 ቅጠል ነው። ባለ 80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ 16 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የሽፋኑ ካርድ ግማሽ ሚሊሜትር ይጨምራል። በኤ5 መጠን (148 በ210 ሚሊሜትር) ሙሉው ሽፋን 148 + 16.5 + 148፣ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ለመቆረጫ ሲታከል 318.5 በ216 ሚሊሜትር ነው። ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱን ወደ 70 ግራም ከቀየረ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ይቀንሳል፣ ርዕሱም ከመሃል ይሸሻል። ስለዚህ ስፓይኑን ከፊት ሽፋኑ በተለየ ቀለም አትከልሉት፤ ጥቁሩ ዞሮ ይለፍ፣ ትንሿ መዛነፍ አትታይም። ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ይውረድ፤ መጽሐፉ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲተኛ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

«በቴሌግራም ልኬዋለሁ»

እንደ ፎቶ ከተላከ ረጅሙ ጎኑ ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ይጨመቃል፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 11 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። የፊት ሽፋኑ ቁመት ብቻ 2551 ፒክስል ይፈልጋል። እንደ ፋይል፣ በፒዲኤፍ ይላክ። ፕሌት ከመውጣቱ በፊትም የፊት ሽፋኑንና ስፓይኑን በተራ ፕሪንተር አሳትማችሁ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ለጥፉ፣ ከሌሎች አሥር መጻሕፍት ጋር ደርድሩት፣ ማምሻውን መብራት ሳይበራ ከበሩ ላይ ሆናችሁ እዩት።