ዳንኤል በሽምግልናው የያዘው ሱባኤ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፥ ጾመ ፍልሰታ በቀረበ ቁጥር ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን አንደበት ደጋግሜ የምሰማው ቃል አለ፤ «ሱባኤማ ጉልበት በነበረኝ ጊዜ ቀረ» ይላሉ። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በጠባብ ጎጆ እያደሩ፥ ሌሊት ሰዓታቱን፥ ጠዋት የውዳሴ ማርያሙን ትርጓሜ፥ ከቀትር በኋላ ቅዳሴውን ሳያስታጉሉ፥ ቆሎና የተነከረ ሽምብራ እየቀመሱ ሁለቱን ሳምንት ይፈጽሙ የነበሩ ሰዎች፥ ዛሬ ጉልበታቸው ለስግደት እንቢ ሲላቸውና የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ ግድ ሲሆንባቸው፥ ሱባኤውን ለወጣቶች ትተው ቤት ይቀራሉ። እኔም ስድሳን ከተሻገርሁ ወዲህ ይህ ሐሳብ ሲመላለስብኝ ቆይቷል።

ሐሳቡ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ሱባኤን ከሥጋ ብርታት ጋር ብቻ ስለሚያያይዘው ሊታረም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ሱባኤ ሰባት ከሚለው የግእዝ ቁጥር የወጣ ቃል ሲሆን፥ ሰባት ቀን ወይም አንድ ሳምንት ማለት ነው። ስለ ሱባኤ ስናስተምር አዘውትረን የምንጠቅሰው ነቢዩ ዳንኤል «ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳዝን ነበርሁ፤ ማለፊያ እንጀራም አልበላሁም» ያለው በምዕራፍ 10 ላይ ነው። ይህን ያደረገው በስንት ዓመቱ እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ አናስተውልም። ዳንኤል ወደ ባቢሎን የተማረከው በይሁዳ ንጉሥ በኢዮአቄም በ3ኛው ዓመት፥ ገና ብላቴና ሳለ ነው፤ ይህን የሦስት ሳምንት ሱባኤ የያዘው ደግሞ በፋርስ ንጉሥ በቂሮስ በ3ኛው ዓመት ነው። በሁለቱ መካከል 70 ዓመት ያህል አለፈ። ስለዚህ በጤግሮስ ወንዝ አጠገብ ቆሞ የምናየው ሰው ሰማንያን የተሻገረ ወይም የተጠጋ ሽማግሌ ነው። ብላቴና ሳለ ለ10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ ይበቃኛል ብሎ ፊቱ አምሮ ሥጋው ወፍሮ ተገኝቶ ነበር፤ በሽምግልናው ሱባኤ ግን የተጻፈው ሌላ ነው፤ «ኃይልም አልቀረልኝም» ይላል።

ከዚህ ቃል ላይ ፈጥነን ባንነሣ መልካም ነው። ሽማግሌው ዳንኤል ሦስቱን ሱባኤ ሲፈጽም በምድር ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፥ እስትንፋሱ አጥሮ፥ አንደበቱ ተይዞ ተገኘ። የእግዚአብሔር ማጽናናት የመጣለት ይህን ድካም ድል ከነሣ በኋላ አልነበረም፤ በድካሙ ውስጥ እንዳለ እጅ ዳሰሰችው፤ በመጀመሪያ በጉልበቱና በእጁ አቆመችው፥ ቀጥሎም እየተንቀጠቀጠ ቆመ፥ ከንፈሩም ተዳሰሰና ተናገረ፥ በመጨረሻም «እጅግ የተወደድህ ሰው ሆይ፥ አትፍራ፤ ሰላም ለአንተ ይሁን፤ በርታ፥ ጽና» የሚለውን ቃል ሰማ። እንግዲህ የበረታው በአንድ ጊዜ አይደለም። ምዕራፉን ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ሦስት ጊዜ እንደ ተዳሰሰ ያያል። ጉልበት ስለ ከዳው ከሱባኤ የሚቀር ክርስቲያን፥ ለዳንኤል ማጽናናቱ በተሰጠበት በዚያው በር ላይ ደርሶ የተመለሰ ሰው ይመስለኛል።

ስለ እድሳት ስንናገር «ጎልማስነትሽን እንደ ንስር ያድሳል» የሚለው የመዝሙረ ዳዊት ቃል (መዝ. 102፥5) ወዲያው ወደ ልባችን ይመጣል። ይህን ቃል ለማስረዳት ንስር በ40 ዓመቱ ወደ ተራራ ወጥቶ መንቁሩን በዓለት ሰብሮ፥ ጥፍሩንና ላባውን ነቅሎ፥ እንደገና ብዙ ዓመት ይኖራል የሚል ታሪክ በስልኮቻችን ሲዘዋወር አያለሁ። ታሪኩ እውነት አይደለም፤ መንቁሩን የሰበረ ንስር የሚበላበት ስለሌለው ይሞታልና፥ ከዐውደ ምሕረት ባይነገር እመርጣለሁ። ፈጣሪ ለንስር የሰጠው እድሳት ከዚህ ይልቅ የዋህ ነው። ያረጀው ላባ ጥቂት በጥቂት ይረግፋል፥ በስፍራውም አዲስ ይበቅላል፤ ለትልልቆቹ ንስሮች የክንፋቸውን ላባ ሁሉ ለውጦ መጨረስ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስድባቸዋል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይረግፍ ግን በእድሳቱ መካከል መብረራቸውን አያቋርጡም። ቅዱስ ጳውሎስ «የውጭው ሰውነታችን ቢጠፋ እንኳ የውስጡ ሰውነታችን ዕለት ዕለት ይታደሳል» ሲል «ዕለት ዕለት» ማለቱን ከዚህ ጋር አያይዤ አስበዋለሁ።

በሽምግልና ዘመን መርገፍ ያለበት ላባ የትኛው ነው? በወጣትነት ሱባኤ የምንታገለው በአብዛኛው ከፊታችን ካለው ጋር ነው፤ ከትዳር፥ ከሥራ፥ ከፈተናና ከምኞት ጋር። በዕድሜ ስንገፋ ትግሉ ከኋላችን ካለው ጋር ይሆናል። ሰው ዘግቶ፥ ስልኩን አኑሮ፥ ዝም ብሎ በተቀመጠ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ያረጁ ነገሮች መምጣት ይጀምራሉ፤ በርስት ክፍፍል ከወንድም ጋር የተነጋገሩት ክፉ ቃል፥ ለሞተው ባል ያልተባለ ይቅርታ፥ በቁጣ ያደገ ልጅ። ብዙዎች ይህን ጊዜ «ሐሳቤ ተበተነብኝ፥ ጸሎቴ ከንቱ ሆነ» ብለው ያዝናሉ። እኔ ግን የሱባኤው ሥራ ገና የተጀመረው ያን ጊዜ ነው እላለሁ። ያ የመጣው ትዝታ እንደ ሐሳብ መበተን ተቆጥሮ መባረር የለበትም፤ በስሙ ተጠርቶ በጸሎት ፊት ሊቀርብ፥ ኃጢአት የሆነው ለነፍስ አባት ሊነገር ይገባዋል።

በአጥቢያችን ያሉ አንዲት እናት ስግደት ስላቃታቸው ሱባኤ መያዝን ትተው ነበር። የነፍስ አባታቸው በስግደቱ ፈንታ በየዕለቱ የአንድ ሰው ስም ጠርተው እንዲጸልዩ አዘዙአቸው፤ የበደሉትን ወይም የበደላቸውን። ዐሥሩን ቀን በእንባም ቢሆን ተወጡት። በ11ኛው ቀን ግን የታናሽ እህታቸው ስም ደረሰና ከአፋቸው አልወጣ አለ፤ አራት ቀን ሙሉ በዚያው ስም ላይ ቆዩ። ከስግደት ሁሉ የከበደኝ እርሱ ነበር ብለውኛል። ጌታችን መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው ቃል ለእርሳቸው በዚያ ሱባኤ ሥጋ ለበሰ፤ ለነሐሴ 16 ቅዳሴ የደረሱት በዋዜማው ከእህታቸው ጋር ታርቀው ነው። የበደልነው ሰው በሞት የተለየን ሲሆንም መንገዱ አይዘጋም፤ በቅዳሴ ስሙን ማስጠራት፥ በስሙ መመጽወት፥ ለልጆቹ መልካም ማድረግ ይቻላል።

ስለ ጾሙ ደግሞ ግልጽ ሆኜ ልናገር። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በደዌ የተያዘን ሰው በጾም አያስጨንቅም፤ የሚያቀልለው ግን የነፍስ አባት እንጂ እያንዳንዳችን በራሳችን ፈቃድ አይደለንም። መድኃኒትን «በሱባኤ ላይ ነኝ» ብሎ በራስ ሥልጣን ማቋረጥ እምነት ተብሎ ሊመሰገን አይገባውም፤ አስቀድሞ ሐኪምን ጠይቆ የተባለውን ለካህኑ መንገር ይሻላል። ጉልበት የታመመበት ሰው በመቋሚያ ተደግፎ ይቁም፥ ያም ካልሆነ ተቀምጦ ይጸልይ።

ቦታውም ሊያስጨንቀን አይገባም። ደብረ ሊባኖስ ወይም ሌላ ገዳም ሄዶ መሰንበት የቻለ ይሂድ፤ በረከቱ ታላቅ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የልጅ ልጆቻቸውን እየጠበቁ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ እናቶች ግን ገዳምም ጎጆም በአጠገባቸው የላቸውም። ለእነርሱ የምመክረው አስቀድመው ለልጆቻቸው እንዲናገሩ ነው፤ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት በሬ ዝግ ነው፥ ስልክም አላነሣም ማለት ነውር የለውም። በስውር የተጀመረ ሱባኤ ቤተሰቡ ሳያውቅ በየሰዓቱ ይቋረጣል፤ የታወቀውን ግን ልጆች ራሳቸው ይጠብቁታል።

ሱባኤው ሲፈጸም ምን ይደረግ የሚለውንም ከዳንኤል እንማራለን። ወደ አንበሶች ጉድጓድ በተጣለበት ዘመንም እርሱ ሽማግሌ ነበር፤ የዚያ ሰው ልማድ በየቀኑ ሦስት ጊዜ የእልፍኙን መስኮቶች ወደ ኢየሩሳሌም አንጻር ከፍቶ በጉልበቱ ተንበርክኮ መጸለይ እንደ ነበር ተጽፏል፤ «ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ» የሚለው ቃል ተጨምሮበታል። ስለዚህ ከነሐሴ 16 በኋላ ሁሉንም ለመቀጠል አትሞክሩ። አንዱን ያዙ፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ወይም አንድ መዝሙረ ዳዊት፥ በአንድ በተወሰነ ሰዓት፥ በአንድ በተወሰነ ስፍራ። መንበርከክ ካልተቻለ፥ ልጆቹ ሳይነቁ በማለዳ በመስኮቱ አጠገብ ፊቷ ወደ ምሥራቅ የሆነች አንዲት ወንበር ትበቃለች።