«ሕጋዊ ወራሽ» ምንድን ነው? የማልኮም ጉዳይ

ስለ ሼክስፒር ተውኔት «ማክቤዝ» ሲጻፍ የተገደለው ንጉሥ ልጅ ማልኮም በአንድ መስመር ይሸኛል። «ሕጋዊው ወራሽ ዙፋኑን አስመለሰ።» አለቀ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «የበኩር ልጅ ስለሆነ ዙፋኑ የሱ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ ከዚያ ውጭ ባሕርይ የለውም» አለ። ይህን እንኳ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ታሪኩ ባጭሩ፦ ከስኮትላንድ መኳንንት አንዱ የሆነው ማክቤዝ ንጉሥ ዳንከንን፣ የማልኮምን አባት፣ ገድሎ ዙፋኑን ይይዛል። በተውኔቱ ውስጥ ማልኮም አልጋ ወራሽ የሆነው ሲወለድ አይደለም፤ ሲሾም ነው። በመጀመሪያው ገቢር አራተኛ ትዕይንት ንጉሥ ዳንከን መኳንንቱ ፊት «የከምበርላንድ ልዑል» ብሎ ይሰይመዋል። ማክቤዝ ይህን ሲሰማ ነው ለብቻው «ይህን እርከን ወይ እዘለዋለሁ ወይ እወድቅበታለሁ» የሚለው። ነገሩ በልደት ያለቀ ቢሆን ኖሮ ምኑ ያስደነግጠዋል? (በዚያ ዘመን ስኮትላንድ ዘውዱ የግድ ከአባት ወደ በኩር ልጅ አይወርድም ነበር። ግን ታሪክና ተውኔት አናደባልቅ። የታሪኩ ዳንከን በ1040 እ.ኤ.አ. የሞተው በጦርነት ነው፤ ማክቤዝም 17 ዓመት ገዝቷል።)

እንግዲህ ወራሽነትን እንደ ቤት ካርታ ውሰዱት። ካርታው በማልኮም ስም ነው፤ ቤቱን የያዘው ሌላ ሰው ነው። ካርታ የያዘ ሰው ጣሪያ ይጠግን አይጠግን ካርታው ላይ አይጻፍም። ማልኮም ደግሞ አባቱ ተገድሎ በተገኘበት ጠዋት ነው ወደ እንግሊዝ የሸሸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ገዳዩ እሱ ነው» ብሎ ጠረጠረው። ታዲያ ከስኮትላንድ መኳንንት አንዱ የሆነው ማክደፍ እንግሊዝ ድረስ መጥቶ «ና ቤትህን ተረከብ» ሲለው፣ ይህ ሰው ቤቱን የያዘው የማክቤዝ ደላላ አለመሆኑን በምን ይወቅ?

ስለዚህ ይፈትነዋል፤ አራተኛው ገቢር ሦስተኛው ትዕይንት ይኸው ነው። መጀመሪያ «ሴሰኛ ነኝ፤ ሚስቶቻችሁም ልጆቻችሁም አይበቁኝም» ይለዋል። ማክደፍ፣ ችግር የለውም፣ ፈቃደኛ ሴት ሞልቷል ይላል። «ስግብግብ ነኝ፤ የመኳንንቱን መሬት እነጥቃለሁ» ይቀጥላል። ማክደፍ ይህንንም ይውጠዋል፤ ስኮትላንድ ሀብታም ናት ይላል። በመጨረሻ «ለንጉሥ የሚገባ አንድም በጎነት የለኝም» ሲል ማክደፍ ይፈነዳል፦ እንኳን ልትገዛ ልትኖርም አይገባህም!

ማልኮም ያኔ ሁሉንም ያነሳዋል፤ በሕይወቴ የዋሸሁት ዛሬ ብቻ ነው፣ ያውም በራሴ ላይ፣ ይላል። አስቡት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዋሽ ሰው እንዲህ ይዋጣለታል? ደግሞም ማክደፍ ከመምጣቱ በፊት የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ሲዋርድ አሥር ሺህ ጦር ይዞ ሊነሳ ተዘጋጅቶ ነበር። ማልኮም ያን ሁሉ ጊዜ ይህን በሆዱ ይዞ ነው የቆየው። ማክደፍ የሚመልሰው ጠፍቶት ዝም ይላል። «ለምን ዝም አልክ?» ብሎ የሚጠይቀው ራሱ ማልኮም ነው!

ባሕርይ የለውም የሚባለው ሰው ይህ ነው። ጦሩ ወደ ማክቤዝ ግንብ ሲገሰግስ የበርናም ጫካን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ተሸከሙ፣ ብዛታችን እንዳይታወቅ ብሎ ያዘዘውም እሱ ነው። መደበቅ ያውቅበታል።

የቴአትር አዘጋጆች ይህን የፈተና ትዕይንት ያሳጥሩታል። አልፈርድባቸውም፤ ረጅም ነው፣ ተመልካች ይቁነጠነጣል። ግን ሲቆረጥ ከማልኮም የሚተርፈው ካርታው ብቻ ነው። ፈተናውን ሼክስፒር አልፈጠረውም፤ ከእንግሊዛዊው ታሪክ ጸሐፊ ከሆሊንሸድ ዜና መዋዕል ነው የወሰደው። ሊተወው ይችል ነበር፤ አልተወውም።

«ጨዋ ልጅ» የሚለውም አይዋጥልኝም። ማክደፍ ሚስቱና ልጆቹ በማክቤዝ ትእዛዝ መታረዳቸውን ሲሰማ ማልኮም ወዲያው ስለ በቀል ያወራል። «እንደ ወንድ ቻለው» ይለዋል። ማክደፍ «እችለዋለሁ፤ ግን እንደ ሰው ሊሰማኝም ይገባል» ብሎ ይመልስለታል። ክፋት አይደለም፤ ብርድ ብርድ የሚል ነገር ግን አለው።

ካርታውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። በተውኔቱ መጀመሪያ ጠንቋዮች ዘውዱን ለማክቤዝ፣ ከሱ በኋላ ግን ለጓዱ ለባንኮ ዘር ቃል ገብተዋል፤ የባንኮ ልጅ ፍሊያንስ ደግሞ ማክቤዝ ከላካቸው ገዳዮች አምልጧል። ማልኮም በመጨረሻው ንግግሩ ሹመት ሲሰጥና ሁሉንም የስኮትላንድ ነገሥታት በሚነግሡበት በስኮን ለሚደረገው ንግሥናው ሲጋብዝ፣ የፍሊያንስን ስም የሚያነሳ አንድም ሰው የለም።