ሐረርና ድሬዳዋ፦ የማይነካ ሥጋና የፓርቲ ቅጽል ስም

ሐረርና ድሬዳዋ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። አንዷ ጀጎል በሚባል ግንብ የታጠረች፣ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሏት የሙስሊም ከተማ ናት። ሌላዋን በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ቆረቆራት። በሁለቱም ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ጉራጌው ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል። ታዲያ እዚህ ሥጋ ሲቀርብ «ይጣፍጣል ወይ?» ከማለት በፊት የሚታወቅ ነገር አለ፦ ማን ነው ያረደው?

በሬው ያው በሬ ነው። የሚለየው ቢላዋው ላይ ነው። ክርስቲያኑ «በስመ አብ» ብሎ ያርዳል፣ ሙስሊሙ «ቢስሚላህ» ብሎ። አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ሥጋ ቤቱም በሩ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ ስለሚያደርግ ማንም አይሳሳትም። መጻሕፍቱን ብታገላብጡ ነገሩ እንዲህ የከረረ አይደለም። ቁርአን በአል ማኢዳ ምዕራፍ የመጽሐፉን ሰዎች፣ ማለትም የአይሁድንና የክርስቲያኖችን፣ ምግብ ይፈቅዳል። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ሳትመራመሩ ብሉ ብሏቸዋል። ልማዱ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ ጥብቅ ነው።

ለዚህም ነው ድግስ ላይ ያለው ዘዴ የሚገርመው። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ፍየል ወይም በግ በቁሙ ለሙስሊም ጎረቤቱ ይሰጣል። ጎረቤትየው ያርዳል። ሴቶቹ በራሳቸው ድስት፣ በራሳቸው ጭልፋ፣ በራሳቸው ማማሰያ ይሠሩታል። ማማሰያ ከተምታታ ወጡ አለቀለት፤ ማንም አይነካውም። ከዚያ ሁሉም እዚያው ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፣ ያው ዘፈን ይዘፈናል። ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ ያደርጋል። የጾም ምግብ ላይ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ሽሮና ምስር ማን ሠራው ተብሎ አይጠየቅም።

ግመል ሌላ ታሪክ ነው። ኦርቶዶክሱ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን ይዞ አይቀምሰውም፦ ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም። ለሶማሌው ደግሞ ከግመል ሥጋና ወተት የሚበልጥ የለም። ጀጎል ውስጥ ጊድር መጋላ ሥጋ ገበያ አጠገብ ጭልፊቶች ይዞራሉ። ሥጋ ይዞ እጁን ከፍ ያደረገ ሰው ካለ ላፍ አድርገው ይሄዳሉ። እነሱ የማን እርድ እንደሆነ አይጠይቁም። አሳማ ላይ ግን ሁለቱም ሃይማኖት አንድ ቃል ነው።

ዛሬ ለማመን ይከብድ ይሆናል እንጂ ቡናም በአንድ ወቅት ለክርስቲያን ነውር ነበር። ካህናቱ የእስላም መጠጥ ነው ይሉት ነበር። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ሲይዙ የያዙት የቡና አገር ነው። እሳቸው ራሳቸው ይጠጡ ነበር፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ ብዙ ደክመዋል። ጫትም እንዲሁ ለረጅም ዘመን የሙስሊም ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። አሁን ከአወዳይ የመጣ ጫት በርጫ ላይ ሃይማኖት አይለይም። ምርቃናውን በቢራ ማብረድ፣ «ጨብሲ» ማድረግ ግን ለሙስሊሙ ሐራም ነው። ሐረር ቢራም ይህን አውቆ ነው መሰል፣ ሐረር ሶፊ የሚባል አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ አውጥቶ ነበር።

ጅቡም ድርሻ አለው። ሐረሪዎች በአሹራ ሰሞን ቅቤ የገባበት ገንፎ ለጅብ ያቀርባሉ። ከግማሽ በላይ ከበላ ዓመቱ ጥሩ ነው። ጭራሽ ካልነካው ወይም ጠርጎ ከበላው ግን መጥፎ ምልክት ነው።

ከመብል ወደ ፖለቲካ መዝለል ለአማርኛ ተናጋሪ ሩቅ አይደለም፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለን ተረት አለን። የፓርቲ ስምም እንደ ሥጋ ቤቱ በር ምልክት ይፈልጋል መሰለኝ። ረጅሙን ስም ማንም አይጠራውም። የኤርትራ ነጻነት ግንባር «ጀብሃ» ሆነ፣ ተቀናቃኙ «ሻዕቢያ»፣ ሁለቱም ከዓረብኛ። ሕወሓት በ1935ቱ የትግራይ አመፅ ስም «ወያኔ» ተባለ። በአብዮቱ ዘመን ደርግ ኢሕአፓን «አናርኪስት» ሲል፣ ኢሕአፓ መኢሶንን «ባንዳ» ይል ነበር። እነዚህ ስሞች ቀልድ አልነበሩም፤ ሰው ተገድሎባቸዋል። በ1997ቱ ምርጫ ነገሩ ለዘብ አለ፦ በምርጫ ምልክታቸው ኢሕአዴግ «ንብ» ነበር፣ ተቃዋሚው ቅንጅት ሁለት ጣት። የሐረሪ ብሔራዊ ሊግም በአጭሩ ሐብሊ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ብልጽግና ውስጥ ገባ።

ድሬ ላይ ደግሞ ስም ሳይሆን ቁጥር ነው የተለመደው፦ «አርባ አርባ ሃያ»። በኢሕአዴግ ዘመን የከተማዋ ሥልጣን 40 በመቶው ለኦሮሞው ፓርቲ፣ 40 በመቶው ለሶማሌው፣ 20 በመቶው ለቀሩት እንዲሆን የተደረገበት ቀመር ነው። በ2011 ዓ.ም. የከተማዋ ወጣቶች አደባባይ ሲወጡ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይህ ቀመር ይቅር የሚል ነበር።