ወጪ መጋራት ምንድን ነው? የርቀት ተማሪ የሚከፍለውስ?

«የርቀት ተማሪውም እኮ እንደ መደበኛው ወጪ ይጋራል፤ ታዲያ ቅሬታው ምንድን ነው?» ይህን ያሉት ሰሞኑን ስለ ርቀት ተማሪዎች ክፍያ በተነሣ አንድ ውይይት ላይ የተጋበዙ አስተያየት ሰጪ ናቸው። አወያዩ አላረማቸውም፤ ሌሎቹም ተሳታፊዎች ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉት። እኔ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የበጀትና የሒሳብ ሥራ ላይ ለብዙ ዓመታት የቆየሁ ሰው ነኝ። ይህንኑ አባባል በስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ በሪፖርት ውስጥ አንብቤዋለሁ፣ ከራሳቸው ከተማሪዎቹ አፍም አግኝቼዋለሁ። ስሕተቱ የቃል አጠቃቀም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርኩበት ነበር።

ወጪ መጋራት የአንድ የተለየ ውል ስም ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 መሠረቱን ጣለ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም መነሻው ላይ የተበጀው ውል ይህ ነው፦ በመንግሥት ተቋም የሚማር መደበኛ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ለመሸፈን ይፈርማል። ይፈርማል እንጂ ያን ጊዜ አይከፍልም። የሚከፍለው ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ ነው፤ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ የምሩቃን ግብር ተብሎ ይቆረጥበታል። አስቀድሞ መክፈል የፈለገም ይችላል፤ እንደ መምህርነት ባሉ ሙያዎች የሠለጠነም ዕዳውን በአገልግሎት የሚተካበት መንገድ ተቀምጧል። የውሉ ልብ ግን ቀሪውን መንግሥት መሸፈኑ፣ የተማሪውንም ድርሻ ገቢ እስኪያገኝ መታገሡ ነው።

የርቀት ተማሪው እንዲህ ያለ ውል አልፈረመም። ለእያንዳንዱ ክሬዲት ሰዓት የተተመነውን ዋጋ አባዝቶ፣ የመመዝገቢያውን ጨምሮ፣ ባንክ ገብቶ ይከፍላል፤ ደረሰኙን ካላመጣ ሞጁሉን፣ ማለትም በራሱ የሚያጠናበትን መማሪያ መጽሐፍ፣ አይወስድም።

የሰፈር ሱቅ እናስብ። አንዱ ደንበኛ በዱቤ ይወስዳል፤ ባለሱቁ በደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ያውም ከዕቃው ዋጋ አብዛኛውን ራሱ ችሎ። «ሥራ ስትይዝ ትከፍለኛለህ» ይለዋል። ሌላው ደንበኛ በዚያው ባንኮኒ ላይ ጥሬ ገንዘቡን ቆጥሮ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም ከአንድ ሱቅ ገዝተዋልና «ሁለቱም ከባለሱቁ ጋር ወጪ ይጋራሉ» ይባላል? የዱቤው ደንበኛ ሥራ ቢያጣ የሚጠብቀው ባለሱቁ ነው። የጥሬ ገንዘቡ ደንበኛ ቢታመም፣ ከሥራው ቢሰናበት፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ ትምህርቱ ቢቋረጥበት ግን ኪሳራው ሁሉ በራሱ ላይ ይወድቃል። ባለሱቁ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሏልና የሚያሰጋው ነገር የለም። የመጋራት ትርጉሙ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክፍያው በዛ ወይም አነሰ ከማለት በፊት ነገሩ ባይሳካ ጉዳቱን ማን ይሸከማል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ባለፈው ዓመት አንዲት የወረዳ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለፈተና መጥታ ቢሮዬ ገባች። ከሞጁሉ ሽፋን ሥር የባንክ ደረሰኞች አወጣች፤ በየሴሚስተሩ ተደርድረው በስፒል ተያይዘዋል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀለማቸው ለቅቆ ቁጥሩ በእስክሪብቶ ተደግሞበታል። «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ስመረቅ ከወጪ መጋራት ዕዳዬ ላይ ይቀነስልኛል?» አለችኝ። ዕዳ እንደሌለባት ስነግራት አላመነችኝም። ዕዳውን ያልከፈለ መደበኛ ተመራቂ ዋናውን ዲግሪ እንደማይሰጡት ታውቃለች፤ የእርሷም እንዳይያዝባት ፈርታ ከደመወዟ ላይ በተጨማሪ ስታጠራቅም ቆይታለች። «አንቺም እኮ ወጪ ትጋሪያለሽ» ያላት ሰው ክፉ አስቦ አልነበረም። ቃሉን በቸልታ ስለተጠቀመ ብቻ የሌለባትን ዕዳ ስትፈራ ኖረች።

እኚያ አስተያየት ሰጪ ሌላም ነገር አክለዋል፦ «የርቀት ትምህርት ርካሽ ስለሆነ መንግሥት መደጎም አይጠበቅበትም።» እዚህ ላይ በሙያዬ መናገር አለብኝ። የርቀት ትምህርት ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። ሞጁል ማጻፍ፣ ማስገምገምና ለኅትመት ማዘጋጀት ለ50 ተማሪም ለ5,000 ተማሪም ያው ነው። ኅትመቱ፣ የማጠናከሪያ ትምህርቱ፣ የፈተናው እርማትና ቁጥጥሩ ግን ከተማሪው ቁጥር ጋር ያድጋል። ስለዚህ «ርካሽ» የሚባለው ብዙ ተማሪ ሲኖር ነው፤ ተማሪው ጥቂት በሆነበት የትምህርት ክፍል አንዱ ተማሪ ከመደበኛው ሊበልጥ የሚችል ወጪ ያስወጣል። የተማሪውን ቁጥር ሳይጠይቅ «ርካሽ ነው» የሚል ሰው ሒሳቡን አልሠራም ማለት ነው።

በዚያው ልክ «የርቀት ተማሪ ሙሉ ወጪውን ይከፍላል» የሚሉትንም በደፈናው አልቀበልም። ወደ ሱቁ ልመለስ፦ መደርደሪያው፣ መብራቱ፣ የቤቱ ኪራይ አስቀድሞ ተከፍሏል። በዩኒቨርሲቲም ሕንፃው የተሠራው፣ የሬጅስትራሩና የመምህሩ መደበኛ ደመወዝ የሚከፈለው ከመንግሥት በጀት ነው፤ የእርጅና ቅናሹም፣ ማለትም ሕንፃውና ዕቃው በአገልግሎት ብዛት የሚያጣው ዋጋ፣ በርቀት ፕሮግራሙ ስም አይመዘገብም። ይህ የተሰወረ ድጎማ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ከርቀት ተማሪዎች የተሰበሰበው ክፍያ የውስጥ ገቢ ሆኖ ይመዘገባል፤ ለፕሮግራሙ ካወጣነው የሚተርፍ ከሆነ ደግሞ የጥሬ ገንዘቡ ደንበኛ የሱቁን ጣሪያ እያደሰ ነው ማለት ነው። የጋራ ወጪው በአግባቡ ተከፋፍሎ ሳይታይ የትኛው እንደሚያመዝን መናገር አይቻልም። ዝርዝሩ እንዲወጣ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ውጤቱ ምንም ይሁን ግን የክፍያው ስም አያከራክርም። የሽያጭ ዋጋ ከወጪ በታች ስለሆነ ብቻ ሽያጩ የዱቤ ውል አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይረሳል። ያቺ የወረዳ ሠራተኛ እየተማረች ሳለ የደመወዝ ግብር ትከፍላለች። ያ ግብር ገብቶ መደበኛው ተማሪ በሚመገብበት በጀት ውስጥ ይደመራል። የእርሱን ድርሻ መንግሥት እስኪመረቅ ሲታገሥለት የእርሷን ግን በየሴሚስተሩ አስቀድሞ ይቀበላታል።

የእኛ የወጪ መጋራት ሐሳብ በአብዛኛው የተቀዳው ከአውስትራሊያ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲጀመር ለአንድ ዓመት 1,800 የአውስትራሊያ ዶላር ሆኖ፣ ተመራቂው ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በግብር በኩል ይከፈል ነበር። በአርሚዴል ከተማ የሚገኘው የኒው ኢንግላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በፖስታ ያስተምር ነበርና ርቀት ላይ ሆነው የሚማሩት ተማሪዎቹም በዚያው ሥርዓት ታቀፉ። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ክፍያው በእጅጉ ሲጨምር በኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ለሚማሩ ሰዎች ከገቢ ጋር የተያያዘው የትምህርት ብድር ተፈቅዷል፤ ቀድሞ ተመጣጣኝ ዲግሪ የያዙት በአብዛኛው ቢገለሉም። እኛ ከአውስትራሊያ ስንወስድ መደበኛውን ተማሪ የሚመለከተውን ክፍል ወስደን ሌላውን ተውነው።

ስለዚህ የርቀት ተማሪ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ ይባል፤ ትክክለኛ ስሙ ይኸው ነው። ወጪ እንዲጋራ የሚፈልግ ካለ ውሉን ያቅርብለት፦ ይፈርም፣ መንግሥት ቀሪውን ይሸፍን፣ የእርሱም ድርሻ በየወሩ ይቆረጥ። «ገንዘቡ እንዴት ይሰበሰባል?» የሚለው መከራከሪያ በመደበኛው ተመራቂ ላይ እውነትነት አለው፤ ሥራ ያልያዘውን፣ በግሉ የሚሠራውን፣ ከአገር የወጣውን ተከታትሎ ማስከፈል ከባድ ነው። የወረዳዋ ሠራተኛ ግን ከመመዝገቧ በፊትም በመንግሥት የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ ነበረች።