ጋርተር እባብና ጉዝጓዙ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ጋርተር እባብ ቀጭን ነው። ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ቢጫ ወይም ነጣ ያሉ መስመሮች ይወርዱበታል። አገሩ ሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን አብዛኞቹ ከአንድ ሜትር አይበልጡም። ቀን ቀን ስለሚንቀሳቀስና ብዙም ስለማያስቸግር ቤት ውስጥ እባብ የሚያሳድጉ ሰዎች «ለጀማሪ የሚሆን እባብ» ይሉታል። ይሄ ስሙ ግን ጎድቶታል። ቀላል ነው ሲባል ሰው እባቡ ስለሚኖርበት ሳጥን መጨነቅ ይተዋል፤ በተለይ ከሥሩ ስለሚነጠፍለት ጉዝጓዝ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

«እንጨት ያው እንጨት ነው፤ የተገኘው ሰጋቱራ ይነጠፍለት»

በፍጹም! ሴዳር የሚባለውን እንጨት ውሰዱ። ፍቅፋቂው ደስ የሚል ሽታ አለው፣ ሰው የሚገዛውም ለዚያ ነው። ሽታው ግን ከእንጨቱ የሚተን ዘይት ነው። ልብስ ብል እንዳይበላው ቁም ሣጥን ውስጥ ሴዳር የሚቀመጠው በዚሁ ዘይት ምክንያት ነው። ነፍሳትን የሚያባርር ነገር ነው እንግዲህ ለእባብ መኝታ የሚሆነው?

እኛ ከረጢቱን ከፍተን አንዴ አሽትተን እንሄዳለን። እባቡ ግን አፍንጫው ከጉዝጓዙ ላይ አይነሳም፤ ቀንም ሌሊትም እዚያው ነው። ሳጥኑ ዝግ ነው፣ ማሞቂያው ደግሞ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ እንዲተን ያደርጋል። ድያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ) ስለሌለው እንደ እኛ አስሎ ሳንባውን ማጽዳት አይችልም። አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ወይም አፉ ዙሪያ አረፋ ስታዩ ችግሩ ሥር ሰዷል ማለት ነው፤ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ፓይን የሚባለው እንጨትም የራሱ ዘይት አለው። በሙቀት የደረቀው ይሻላል የሚሉ አሉ፣ እውነትም ዘይቱ ይቀንሳል። ግን አስፐን የሚባለው እንጨት እያለ ለምን? አስፐን እንዲህ ያለ ዘይት የለውም፣ ለስላሳ ነው፣ እባቡም ውስጡ እየቆፈረ ይደበቅበታል። እኔ የምከተለው ደንብ አጭር ነው፦ ከረጢቱ ሲከፈት ደስ የሚል ሽታ ከመጣ ለእባብ አይሆንም።

«የውኃ ዳር እባብ ስለሆነ ጉዝጓዙ እርጥብ መሆን አለበት»

ይሄኛው ብዙ እባብ ጎድቷል። አዎ፣ ጋርተር በጅረትና በኩሬ ዳር ይኖራል፣ ጎበዝ ዋናተኛም ነው። ከውኃ ሲወጣ ግን ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። እርጥብ ሳጥን ውስጥ የተዘጋበት እባብ የሚደርቅበት ቦታ የለውም። መጀመሪያ ሆዱ ላይ ቀላ ያሉ ነጥቦች ይወጣሉ፣ ከዚያ ውኃ ይቋጥራሉ፣ ቀጥሎ ቅርፊቱ መበስበስ ይጀምራል።

የሚያስፈልገው ደረቅ ወለል፣ ሙሉ ሰውነቱን የሚነክርበት ሰፊ የውኃ ሳህን፣ እና ቆዳውን ሲጥል የሚገባበት አንድ እርጥብ መደበቂያ ነው። ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ በስታችሁ እርጥብ የኮኮናት ቃጫ ብትሞሉበት ይበቃል።

እስኪ እባቡን ከሳህኑ ሲወጣ ተመልከቱት። ጀርባው ያብረቀርቃል፤ ባለፈበት ሁሉ ጠቆር ያለ የውኃ መስመር ጥሎ ይሄዳል። በቀን ሦስት አራቴ እንዲህ ያደርጋል። ከላይ ሲያዩት ጉዝጓዙ ደረቅ ይመስላል። ሳህኑን አንስታችሁ እጃችሁን ከሥሩ ብትሰዱ ግን ርሶ የተጣበቀ ሰጋቱራ ታገኛላችሁ፣ ሻጋታ ሻጋታም ይሸታል። የአስፐን ትልቁ ድክመት ይሄ ነው፤ ከረጠበ ቶሎ ይሻግታል። ሳህኑን ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሴራሚክ ላይ አስቀምጡት፤ ሥሩንም በየጊዜው እያነሳችሁ እዩ።

«ጋዜጣና ሶፍት ለእባብ ክብር አይመጥንም»

አዲስ ለገባ እባብ ግን ከዚህ የተሻለ የለም። ኩሱ በግልጽ ይታያል፣ ቅንቅን ካለበትም ነጩ ሶፍት ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያችኋል። ጤነኛነቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ወደ አስፐን ወይም ወደ ኮኮናት ቃጫ ማለፍ ትችላላችሁ። አሸዋ ግን ይቅር።

«ጉዝጓዝ በወር አንዴ ከተቀየረ ይበቃል»

አይጥ ብቻ እየበላ ቀስ ብሎ ለሚፈጭ እባብ ይሠራ ይሆናል። ጋርተር ቶሎ ቶሎ ይበላል፣ ቶሎ ይፈጫል፣ ኩሱም ቀጭንና የሚሸት ነው። የቆሸሸውን በታየ ጊዜ ማውጣት ነው።

«ዓሣ ከሆነ ማንኛውም ዓሣ ይበላል»

ይበላል፣ ችግሩም እሱ ነው። ጎልድፊሽ ውስጥ ታያሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል። ይህን ዓሣ አዘውትሮ የበላ እባብ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ሊሞትም ይችላል። ማቀዝቀዝ ኢንዛይሙን አያጠፋውም። ሳልሞን፣ ትራውትና ቲላፒያ ከዚህ ነጻ ናቸው። የምድር ትልም ጥሩ ምግብ ነው፤ ኮምፖስት ውስጥ የሚረባው ቀይ ትል ግን ለጋርተር አይሆንም።

ምግቡን ጉዝጓዙ ላይ አትጣሉት። እርጥብ ዓሣ ሰጋቱራ ላይ ሲጎተት ዱቄት እንደነካው ዳቦ ይለብሳል፣ እባቡም ከነፍቅፋቂው ይውጠዋል። ዝርግ ሳህን ላይ አቅርቡለት።

«ጋርተር ምንም መርዝ የለውም»

ለዘመናት እንዲህ ይባል ነበር። አሁን ምራቁ ውስጥ ደካማ መርዝ እንዳለ ይታወቃል። እንቁራሪትን ያደክማል፣ ሰው ላይ ግን ቢበዛ ትንሽ እብጠትና ማሳከክ ነው። ይልቅ ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ እንደ ሌሎች ተሳቢዎች ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

«እባብ ብቻውን መኖር ነው የሚወደው»

ለብዙዎቹ እባቦች እውነት ነው። ጋርተር ግን ለየት ይላል። በካናዳ ማኒቶባ፣ ናርሲስ በሚባል ስፍራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጋርተሮች ክረምቱን አብረው ከመሬት በታች ያሳልፋሉ፣ በጸደይም አብረው ይወጣሉ። ስለዚህ ተመጣጣኝ መጠን ያላቸውን ሁለትና ሦስት አንድ ላይ ማኖር ይቻላል። በምግብ ሰዓት ብቻ ለዩዋቸው። ሁለቱ አንዱን ዓሣ ከሁለት ጫፍ ከያዙት ትልቁ መዋጡን አያቆምም፤ ዓሣው ሲያልቅ የጓደኛው ጭንቅላት ይቀጥላል። እስከ መጨረሻው ጉርሻ ድረስ ከአጠገባቸው አትነሱ።